«መጥፎ አስተርጓሚ»፦ ከውጫሌ ውል እስከ አሮጌው ዊንዶውስ

ከደሴ ተነስታችሁ፣ ሐይቅን አልፋችሁ ወደ ወልድያ ስትጓዙ ውጫሌን ታገኛላችሁ። በአምባሰል ወረዳ ያለች፣ አላፊ አግዳሚ የማይጠፋባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከዚያው አቅራቢያ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1889) ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው ተወካይ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ አንድ ውል ተፈራረሙ። ቀሪውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስትሰሙት ኖራችኋል፦ አንቀጽ 17፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ አለመስማማት፣ ከዚያም ዓድዋ።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ኮምፒውተር ነው። እስቲ ይህን አስቡት። አንድ ሰው ዊንዶውስ ኤክስፒ በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ፣ በኖትፓድ፣ ባለ አምስት መስመር ስክሪፕት ይጽፋል። ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ በተራ እንዲፈጽማቸው የተደረደሩ ትእዛዞች ማለት ነው። እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ሦስት ጊዜ ያያል፤ ምንም አልተሳሳተም። ፋይሉን ሊነክስ ወዳለበት ማሽን ወስዶ ሲያስኬደው ግን ስክሪኑ አንድ መስመር ይመልስለታል። ወደ አማርኛ ብንመልሰው፦ «መጥፎ አስተርጓሚ፤ እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም»።

መጥፎ አስተርጓሚ! የውጫሌን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህች ቃል ትከነክናለች። የቃሉ መመሳሰል የአጋጣሚ ነገር ነው። ከጀርባው ያለው ችግር ግን በእርግጥ ይመሳሰላል። በሁለቱም ቦታ ሁለት ወገኖች «የያዝነው አንድ ጽሑፍ ነው» ብለው ያምናሉ፤ በእጃቸው ያለው ግን ሁለት ነው። በሁለቱም ቦታ መጀመሪያ የሚወቀሰው አስተርጓሚው ነው። ዛሬ የምናየው እንዲህ ያለ ስህተት ከየት እንደመጣና አሮጌ ዊንዶውስ ላይ የዩኒክስ ትእዛዞችን ስትጠቀሙ እንዴት እንደምትይዙት ነው።

ስህተቱ የታወቀው ከውጭ ነው

መጀመሪያ ውሉን እናስታውስ። የአንቀጽ 17 የአማርኛ ጽሑፍ ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ከፈለጉ ነው እንግዲህ። ጣሊያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ግዴታ ነበር። ኢጣሊያ በጥቅምት 1889 (እ.ኤ.አ.) ይህን ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ አስታወቀች።

ምኒልክ ነገሩን ያወቁት እንዴት ነው? ንግሥናቸውን ለማሳወቅ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያና ለሌሎች ነገሥታት በቀጥታ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በ1890 ከለንደን የመጣው መልስ እንዲህ ያለው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል ሊመጣ ይገባዋል የሚል ሆነ። አያችሁ? ስህተቱ የተሠራው አምባሰል ላይ ነው፤ የስህተቱ መልእክት የመጣው ከለንደን።

ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንቀጽም አለ፤ አንቀጽ 19። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ መጻፉን፣ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም መስማማታቸውንና እኩል ታማኝነት ያላቸው መሆኑን ይገልጻል። ይህችን አንቀጽ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ምኒልክ ውሉን በ1893 አፈረሱ፤ የዓድዋ ጦርነት እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896፣ ማለትም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ፤ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባው ውል የውጫሌን ውል ሻረ። የምሁራኑ ክርክር ግን ቀጠለ። ስዊድናዊው የታሪክ ተመራማሪ ስቬን ሩበንሰን በ1964 ባሳተመው ጥናት ልዩነቱ የቋንቋ ስህተት ብቻ እንዳልነበረ፣ አንቶኔሊ ያውቅ እንደነበር ተከራከረ። ኢጣሊያዊው ካርሎ ጂሊዮ በ1965 መለሰለት። የተከራከሩት ግን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ቃል በቃል እያነበቡ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንሄድ አንድ ልዩነት አንርሳ። ውሉ ላይ ከልዩነቱ የሚጠቀም ወገን ነበር። ኮምፒውተር ላይ ተንኮለኛ የለም፤ ሁለቱም ወገን ለራሱ በቂ ምክንያት ነበረው። ፍለጋውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሪውን ማን ይመልስ?

በመሥሪያ ቤት የአማርኛ ታይፕ ያየ ሰው በጎኗ ያለችውን ዘንግ ያስታውሳል። መስመሩ ሲያልቅ ዘንጓን መግፋት ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ወረቀቱን የተሸከመው ጋሪ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል፤ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ ይላል። በ1963 የወጣው ሞዴል 33 የተባለው ቴሌታይፕ ላይ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ነበሩ። «ጋሪ መልስ» ቁጥሩ 13፣ «መስመር ግፋ» ቁጥሩ 10 ነው።

ዩኒክስ በ1969 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ሲጀመር፣ ከቀደመው ከመልቲክስ ሥርዓት አንድ ሐሳብ ወሰደ፦ ፋይሉ ውስጥ ለመስመር መጨረሻ አንድ ምልክት ይበቃል፤ እሱም 10። ጋሪውን መመለስ ያለበት ማሽን ካለ፣ የማሽኑ ነጂ ፕሮግራም ይጨምርለት።

በሌላ በኩል ጋሪ ኪልዳል በ1974 የሠራው ሲፒኤም የተባለው ሥርዓት ሁለቱንም ምልክቶች ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ 13 ከዚያ 10። ፋይሉን በቀጥታ ወደ ማተሚያው መላክ ይቻላል፤ ይህም ለትንሽ ማሽን ቀላል ነው። ቲም ፓተርሰን በ1980 የሠራው 86-ዶስ የሲፒኤምን ልማድ ተከተለ፤ ማይክሮሶፍት ገዝቶት በ1981 ኤምኤስ-ዶስ ሆነ፤ ዊንዶውስ ከዶስ ወረሰው።

አሁን ወደዚያ ስክሪፕት እንመለስ። የስክሪፕት የመጀመሪያ መስመር ኮምፒውተሩን «ይህን ጽሑፍ እገሌ የተባለው ፕሮግራም ይተርጉመው» ይለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ባሽ የተባለው ፕሮግራም ነው። ኖትፓድ ግን ከባሽ ስም ቀጥሎ 13 ቁጥርን ጨምሯል። ሊነክስ የመስመሩ መጨረሻ 10 ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ 13 ቁጥር የስሙ አካል መሰለው። «ባሽ-ጋሪ-መልስ» የሚባል አስተርጓሚ ሲፈልግ ማን ይገኝለት? አስተርጓሚው ምንም አላጠፋም፤ የተጠራው በሌላ ስም ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሲግዊን የተባለውን የዩኒክስ መሣሪያዎች ስብስብ የምትጠቀሙ ከሆነ ያው ችግር በሌላ መልክ ይመጣል፦ ባዶ በሚመስል መስመር ላይ «ትእዛዙ አልተገኘም» ይላችኋል። በተቃራኒው የዩኒክስን ፋይል በአሮጌው ኖትፓድ ስትከፍቱት ገጹ በሙሉ አንድ ረጅም መስመር ይሆናል። ማይክሮሶፍት ይህን በኖትፓድ ያስተካከለው በ2018 ነው። ዩኒክስ ከተጀመረ ከ49 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው። የማይታየውን አሳዩት። «ካት» የተባለው ትእዛዝ ላይ ሰረዝና ትልቁን ኤ ስትጨምሩ፣ 13 ቁጥር ያለበት መስመር መጨረሻ ላይ ባርኔጣ የደፋች የላቲን ኤም ታያላችሁ። ከዚያ «ዶስ2ዩኒክስ» የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም ፋይሉን ታጸዳዋለች።

አንድ ስም፣ ሁለት ትእዛዝ

«ጋሪ መልስ» የማይታይ ልዩነት ነበር። የሚቀጥለው ግን በግልጽ እየታየ ያታልላል፤ ውሉ ላይ እንደነበረው ቃል ማለት ነው።

«ፋይንድ» የሚባል ትእዛዝ በሁለቱም ዓለም አለ። በዩኒክስ ፋይንድ ማለት በፎልደሮች ውስጥ እየዞረ ፋይል የሚፈልግ ነው። በዊንዶውስ ፋይንድ ማለት በፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልግ ነው፤ ለዚህ ሥራ ዩኒክስ «ግሬፕ» የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለው። ስሙ አንድ ነው፤ ሥራው ለየቅል።

ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም። በ1983 የወጣው ኤምኤስ-ዶስ 2.0 ከዩኒክስ ብዙ ሐሳብ ወሰደ። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ፣ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ማቀበል፣ የዩኒክስ ሰዎች «ፓይፕ» የሚሉትን ማለት ነው፣ ሁሉም የመጡት ያኔ ነው። ፋይንድና ሶርት የተባሉት ትእዛዞችም አብረው መጡ። ቃሉ ተሻገረ፤ ትርጉሙ ግን በመንገድ ላይ ተለወጠ።

ችግሩ በተግባር እንዲህ ይታያል። ሲግዊንን በራሱ አይከን ስትከፍቱት የዩኒክሱ ፎልደር በፍለጋው ሰልፍ ፊት ይሰለፋል፤ ሁሉ ነገር ይሠራል። ያንኑ ስክሪፕት ከዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ወይም በሰዓት ከሚነሳ ሥራ ስታስነሱት ግን የዊንዶውስ ፎልደር ይቀድምና የተሳሳተው ፋይንድ ይጠራል። የሚመጣው መልስ የሰጣችሁት አጻጻፍ ትክክል አይደለም የሚል ነው። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? አጻጻፉን ሲቀያይር ያመሻል! አጻጻፉ ግን ምንም አልነበረበትም፤ የተጠራው ሌላ ነው።

ሶርትም እንዲሁ ናት። የዊንዶውሷ ሶርት አማራጮቿን በስላሽ እንጂ በሰረዝ አትቀበልም። ስለዚህ «ሰረዝ ኤን» ብትሏት የፋይል ስም ይመስላታል፤ ከዚያ እውነተኛውን ፋይል ስትሰጧት ፋይሉ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል ብላ ትቆማለች።

እዚህ ላይ የምትጠይቁት ጥያቄ «ትእዛዙ ለምን አልሠራም?» ሳይሆን «የቱ ፋይንድ ነው የመለሰልኝ?» ነው። ባሽ ውስጥ «ታይፕ» የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝ ኤ ጋር፣ ቀጥሎም የትእዛዙን ስም ስትጽፉ በዚያ ስም የሚጠሩትን ሁሉ በቅደም ተከተላቸው ይዘረዝርላችኋል። የመጀመሪያው ነው የሚሠራው።

ወደ ኋላ ያዘመመው ሰረዝ

ስላሽን ካነሳን አይቀር፣ የዊንዶውስ ፎልደር አድራሻ ለምን በባክስላሽ (\) እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ኤምኤስ-ዶስ ፎልደር የሚባል ነገር ስላልነበረው፣ ስላሽን (/) ለትእዛዝ አማራጮች ሰጥቶት ነበር። በ1983 ፎልደር ሲመጣ የዩኒክሱ ስላሽ ቦታው ተይዟል። የቀረው ወደ ሌላ ጎን ያዘመመው ነበር።

ይህ ደግሞ ባሽ ላይ ሌላ ጣጣ አመጣ። ባሽ ዘንድ ባክስላሽ «ቀጥሎ ያለውን ምልክት እንዳለ ውሰደው» ማለት ነው፤ ራሱ ግን ይጠፋል። የዊንዶውስን አድራሻ ገልብጣችሁ ባሽ ውስጥ ስትለጥፉ ሰረዞቹ ሁሉ ይዋጡና ፎልደሮቹ ተጣብቀው አንድ ረጅም ቃል ይሆናሉ። አድራሻውን በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስቀምጡት፤ ወይም ሲግዊን ውስጥ «ሲግፓዝ» የምትባለው ትእዛዝ ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው ትመልስላችኋለች።

ትልና ጥል

የሚቀጥለው ልዩነት ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የተለየ ትርጉም አለው። ዩኒክስ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ያያል። ዊንዶውስ ግን በፋይል ስም ላይ አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው።

በ1990ዎቹ ኮምፒውተር የግዕዝን ፊደል በአንድ ወጥ ደንብ ገና ባላወቀበት ጊዜ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን አጻጻፍ አዘጋጁ፤ አማርኛን በተራ የላቲን ፊደላት የመጻፊያ ደንብ ነው። ኢሜይልና የዩኒክስ ማሽኖች የሚያሳልፉት እነዚያን ፊደላት ብቻ ስለነበር ብልህ ዘዴ ነበር። በዚህ ደንብ ትንሹ የላቲን ቲ «ት»ን፣ ትልቁ ቲ ደግሞ «ጥ»ን ይወክላል።

አሁን አስቡት። በሴራ «ትል» እና «ጥል» የተባሉ ሁለት ፋይሎች ዩኒክስ ላይ አሏችሁ። ሁለቱን ወደ ዊንዶውስ ስትገለብጡ ዊንዶውስ «ይህ ስም ያለው ፋይል አለ፤ ልተካው?» ይላል። እሺ ካላችሁ ጥሉ ትሉን በላው ማለት ነው። የዊንዶውሷ ሶርትም ካልተነገራት በቀር ትልቅና ትንሽ ፊደልን አትለይም፤ «ት» እና «ጥ» የሚጀምሩ ቃላትን ቀላቅላ ትደረድራለች። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ትንሽ የሚመስል ልዩነት አማርኛ ላይ ቃል ይለውጣል።

«ውጫሌ» ስንት ባይት ናት?

እስካሁን ያየናቸው ስህተቶች ያናድዳሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላሉ። ይህኛው ግን ጽሑፋችሁን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ስለሚችል በጥሞና እንየው።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው፤ የቁጥሩ መለኪያም ባይት ይባላል። ድሮ ፓወር ግዕዝን ወይም ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ለግዕዝ ፊደል የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ሰጠ። አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፤ ጥሩ ነው። ይሁንና ያ ቁጥር በባይት ሲቀመጥ እንደገና ሁለት መንገድ መጣ።

የዩኒክሱ ኬን ቶምሰን ከሮብ ፓይክ ጋር በ1992 ዩቲኤፍ-8ን ቀየሰ። በዚህ አቀማመጥ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት የሚሰጠውን መንገድ መርጦ ነበር።

እስቲ አንድ ሙከራ እናድርግ። «ውጫሌ» ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ንኩ። ሦስት ፊደል ናት። የፋይሉን መጠን ስታዩ ግን ይህን ታገኛላችሁ።

በዩኒክስ መሣሪያ በዩቲኤፍ-8 ከተጻፈች 10 ባይት ናት፤ 9 ለፊደላቱ፣ 1 ለመስመር መጨረሻ።

በኤክስፒ ኖትፓድ «ዩቲኤፍ-8» ተብላ ከተቀመጠች 14 ባይት ናት። ኖትፓድ ፊት ላይ 3 ባይት የመለያ ምልክት (239፣ 187፣ 191) ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለቱን የመስመር ምልክቶች።

በዚያው ኖትፓድ «ዩኒኮድ» ተብላ ከተቀመጠች 12 ባይት ናት፤ 2 ለመለያ፣ 6 ለፊደላቱ፣ 4 ለመስመር መጨረሻ።

«አንሲ» ተብላ ከተቀመጠች ደግሞ 5 ባይት ናት። ሦስት የጥያቄ ምልክትና የመስመር መጨረሻ። ውጫሌ የለችም።

አራት ፋይል፣ አንድ ስም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በኖትፓድ ስትከፍቷቸው ውስጣቸው ያው ቃል ይመስላል። እንግዲህ ባለ 12 ባይቱን ፋይል ይዛችሁ በግሬፕ «ውጫሌ»ን ፈልጉ ብትሏት የለም ትላችኋለች፤ የምትፈልገው ባለ ሦስት ባይቱን ነውና። ባለ 14 ባይቱ ስክሪፕት ቢሆን ደግሞ ሊነክስ የፋይሉ የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች ላይ የሚጠብቀውን የስክሪፕት ምልክት አያገኝም፤ ሦስቱ የመለያ ባይቶች ቀድመው ተቀምጠዋላ!

ባለ 5 ባይቱ የከፋው ነው። ኖትፓድ ከማስቀመጡ በፊት አንዳንድ ፊደላት ይጠፋሉ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ችኩል ሰው እሺ ብሎ ያልፋል። የጠፋው ከዚያ አይመለስም። የተማሪ ስም ዝርዝር፣ ከሽማግሌ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ፣ ለዓመታት የተሰበሰበ መዝገበ ቃላት፣ ሁሉም በአንድ እሺ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ስክሪን ላይ የምታዩትን አትመኑ። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አብሮት አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 ነው። የኤክስፒ ጥቁሩ መስኮትማ አማርኛን በወጉ አያሳይም። ሳጥን ብታዩ ፋይሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። የጥያቄ ምልክት ብታዩም ወዲያው አትደንግጡ፤ መስኮቱ ማሳየት አቅቶት ይሆናል። ከላቲኖቹ ኦ እና ዲ ስሙን ያገኘው የዩኒክስ ትእዛዝ ባይቶቹን በቁጥር ያሳያችኋል። ሰረዝ ቲ፣ ቀጥሎ የላቲን ዩ እና 1 ጨምሩበት። ለውጫሌ 225 139 141፣ 225 140 171፣ 225 136 140 ካያችሁ በዩቲኤፍ-8 ያለው ጽሑፋችሁ በሰላም ነው። 63 63 63 ካያችሁ ግን የጥያቄ ምልክቱ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላ ኮፒ ፈልጉ።

ድልድዮቹና ዕድሜያቸው

በሁለቱ ዓለማት መካከል ድልድይ ለመሥራት ብዙዎች ሞክረዋል። ኤምኬኤስ የተባለው ስብስብ በ1985፣ ዲጄ ዴሎሪ የጀመረው ዲጄጂፒፒ በ1989 መጡ። በ1995 ሲግነስ በተባለው ኩባንያ ስቲቭ ቻምበርሌን ሲግዊንን ጀመረ። ከዚያም ግኑዊን32፣ ኤምሲስ፣ ጊት ለዊንዶውስ ተከተሉ፤ በ2016 ማይክሮሶፍት ራሱ ሊነክስን ዊንዶውስ 10 ውስጥ አስገባ።

አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ግን የቅርቡን ድልድይ መጠቀም አይችልም። ዊንዶውስ 98 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው የሲግዊን ትውልድ 1.5 ነው። ኤክስፒ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው 2.5.2 ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ደግሞ 3.4። በታኅሣሥ 2009 ከወጣው ከ1.7 በፊት ያለ ሲግዊን አማርኛ ስም ያለውን ፋይል በወጉ አይከፍትም፤ ዩቲኤፍ-8 የመጣው በእሱ ነው። ስለዚህ የፋይል ስማችሁ አማርኛ ከሆነ ኤክስፒ ላይ ከ1.7 እስከ 2.5.2 ያለው ነው የሚሆናችሁ።

ሌላ የታወቀ ችግር አለ። የሲግዊን ሥራ በሙሉ የሚያልፈው «ሲግዊን1» በተባለ አንድ የጋራ ፋይል በኩል ነው። ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ኮፒ ይዘው ይመጡ ነበር። ዕድሜያቸው የተለያየ ሁለት ኮፒዎች ሲገናኙ የሥሪት አለመጣጣም የሚል መልእክት ይመጣል፤ ወይም ትናንት ሲሠራ የነበረ ትእዛዝ ዛሬ በድንገት ይቆማል። ዲስኩን በሙሉ በዚያ ስም ፈልጉ፤ ከአንድ በላይ ካገኛችሁ ጥፋተኛውን ያዛችሁት ማለት ነው። አሮጌውን አታጥፉት፤ መጀመሪያ ስሙን ቀይሩና ሞክሩ።

ፍለጋው በምን ቅደም ተከተል ይሁን?

እስካሁን ያየነውን ሰብስበን እንየው። አንደኛ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። ሁለተኛ፣ የተጠራው ትእዛዝ የቱ እንደሆነ እወቁ። ሦስተኛ፣ ፋይሉን በዓይን ሳይሆን በባይት እዩት፤ ፊት ላይ 239 አለ ወይ? መስመሩ መጨረሻ ላይ 13 አለ ወይ? አራተኛ፣ የአድራሻውን ሰረዝና የፊደሉን ትልቅና ትንሽ መርምሩ። አምስተኛ፣ የሲግዊኑን ሥሪትና የኮፒውን ብዛት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሦስት ነገር ለውጣችሁ ቢሠራላችሁ የቱ እንዳስተካከለው አታውቁም፤ ነገ ሲበላሽ እንደገና ከዜሮ ነው።

አሁን አንቀጽ 19ን ላስታውሳችሁ። «ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ይስማማሉ» የሚለውን ቃል ሲፈርሙ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የማንበብ አስፈላጊነት የቀረ መሰለ። ኮምፒውተር ላይም ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው «ያው ፋይል ነው እኮ! እኔ ራሴ ነኝ የላክሁት» ስንል ነው። ያው መሆኑን ግን አላየንም፤ አምነን ነው። የስህተት መልእክቱም የሚነግራችሁ ነገሩ የት ላይ እንደታወቀ እንጂ የት ላይ እንደተሠራ አይደለም። «መጥፎ አስተርጓሚ» ሲላችሁ አስተርጓሚውን ለጊዜው ተዉት፤ መጀመሪያ የተላከለትን ጽሑፍ እዩ።

ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 ያለው ኮምፒውተር ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ ካለ ዛሬውኑ ሞክሩት። «ውጫሌ» ብላችሁ ጻፉ፣ ኢንተር ንኩ፣ አስቀምጡ፣ ከዚያ መጠኗን እዩ። 10፣ 12 ወይም 14 ከሆነች ጽሑፋችሁ አለ፤ የቀረው ማስማማት ብቻ ነው። 5 ከሆነች ግን የኖትፓዱን ምርጫ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩና፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ከዚህ በፊት የተቀመጡትን የአማርኛ ፋይሎቻችሁን አንድ በአንድ ክፈቷቸው።